ደረተ ሙሏ እህቴ ሆይ፣ ጃኬቱን አውልቂው!

የዛሬው ወጋችን ሴቶች በጓዳ እንጂ በአደባባይ ስለማናነሳው ጉዳይ ነው። ወንዶች አንባቢዎቻችን ግን ገጹን ለመግለጥ አትቸኩሉ፤ መጨረሻ ላይ ለእናንተም የተቀመጠ ነገር አለ።

ነገሩን ያስነሳው ከወደ ቆቦ የደረሰን አንድ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊዋ የ22 ዓመት ወጣት ናት። ስሟ እንዳይገለጽ ስለጠየቀችን «የቆቦዋ እህታችን» እያልን እንቀጥላለን። ደብዳቤው ረዥም ስለሆነ ፍሬ ነገሩን እነሆ፦

«ችግሬ ጡቴ ትልቅ መሆኑ ነው። ሌላው ሰውነቴ ቀጭን ነው። ከ13 ዓመቴ ጀምሮ ደረቴ ከእኩዮቼ ቀድሞ አደገ። ትምህርት ቤት ስሄድ ደብተሬን ደረቴ ላይ አቅፌ ነበር። የሰፈር ወንዶች የሚሉኝን እዚህ ልጽፈው አልችልም። አሁን ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራለሁ። የኛን አገር ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ እኔ ግን በግንቦት እንኳን የወንድሜን ጃኬት ደርቤ ነው የምውለው። ሶለል ከጨፈርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። የመጨረሻ ጊዜ ስንጨፍር አንዱ የተናገረውን ሰምቼ ከበሮውን ለጓደኛዬ ሰጥቼ ቤቴ ገባሁ፤ ከዚያ ወዲህ ወጥቼ አላውቅም። ዘንድሮ ታናሽ እህቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ትወጣለች። የሷም ደረት እንደኔው መሙላት ጀምሯል። "አንቺ ካልወጣሽ እኔም አልወጣም" ብላኛለች። ምን ልልበስ? አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ ከቡቲክ የምገዛበት ገንዘብ የለኝም። እዚሁ በምናገኘው ነገር ምከሩኝ።»

አብሽሪ እህታችን! ይህን ቃል ካንቺው አገር ተውሰን ነው። ደግሞም ብቻሽን አይደለሽም። ይህን የምጽፍልሽ እኔ ራሴ በተማሪነቴ ሹራቤን እንደ ሌላው ልጅ ወገቤ ላይ ሳይሆን አንገቴ ላይ አስሬ፣ እጅጌውን ደረቴ ላይ ጥዬ የዞርኩ ሰው ነኝ። እናም የምለው ሁሉ ከመጽሐፍ ብቻ የተቀዳ እንዳይመስልሽ።

ቆቦን የማታውቁ አንባቢዎች ካላችሁ፣ ከወልዲያ ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ አላማጣና መቀሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ የራያ ቆላ ከተማ ናት። በምሥራቅ በኩል የዞብል ተራሮች ይታያሉ፤ ዙሪያዋ የማሽላና የጤፍ ማሳ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የደጋ ሰው ሹራቡን ሻንጣው ውስጥ ከትቶ ነው የሚገባት። እዚያ ጃኬት ደርቦ መዋል ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ገምቱት። ሶለል ደግሞ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ልጃገረዶች አምረውና ተውበው በከበሮ የሚጨፍሩበት በዓል ነው። ሰቆጣ ላይ ሻደይ፣ ላስታ ላይ አሸንድዬ፣ ትግራይ ውስጥ አሸንዳ የሚባለው ማለት ነው። የራያ ቆቦ ልጃገረድ ዓመቱን ሙሉ የምትጠብቀው ቀን ነው። ስለዚህ ይህ ጥያቄ የፋሽን ጥያቄ ብቻ አይደለም። አንዲት ልጅ ደረቷን ፈርታ ከጓደኞቿ መሐል ስድስት ዓመት ጠፍታለች፤ ታናሿም ልትከተላት ነው።

ጃኬቱ ለምን አይሸፍንም?

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን። ሰፊ ልብስ ትልቅ ደረትን አይደብቅም። ይልቁንም ያበዛዋል።

እንዴት አትይም? ልብስ የሚወርደው በጣም ወጣ ካለው የሰውነት ክፍል ተነስቶ ነው። ድንኳን ከምሰሶው ጫፍ ተነስቶ እንደሚዘረጋ ሁሉ ሰፊው ጃኬትም ከደረትሽ ጫፍ ተነስቶ ቁልቁል ይንጠለጠላል። ቀጭኑን ወገብሽን ይውጠዋል። የሚያይሽ ሰው ታዲያ ከደረትሽ በታች ያለው ሁሉ እንደ ደረትሽ የሞላ ይመስለዋል። በግንቦት ሐሩር ጃኬት የለበሰች ልጅ ደግሞ ለብቻዋ ዓይን ትስባለች። መደበቂያ ያልሽው ነገር ጠቋሚ ሆነ ማለት አይደል?

ሁለተኛው መደበቂያ መጉበጥ ነው። ትከሻን ወደ ፊት ሰብሰብ፣ አንገትን ደፋ፣ እጅን ደረት ላይ አጠፍ ማድረግ። ይህም አያሳንስም፤ ትርፉ የአንገትና የጀርባ ሕመም ነው።

ሦስተኛውና የባሰው ደረትን በመቀነት ወይም በነጠላ ጥፍር አድርጎ ማሰር ነው። ይህን የሚያደርጉ ልጆች እንዳሉ እናውቃለን፤ እናቶችም «እንዳያድግባት» እያሉ ያስሯቸዋል። የጡት መጠን የሚወሰነው በዘር፣ በሰውነት ክብደት፣ በዕድሜና በሰውነት ውስጥ ባሉ ሆርሞኖች ነው። ማሰር አያስቆመውም፤ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ያሳምማል፣ ቆዳ ይልጣል እንጂ። «ያሳንሳል» እየተባለ በየቦታው በሚሸጥ ቅባትና ኪኒንም ገንዘብሽን አታባክኚ።

በሌላ በኩል ደግሞ «እንግዲህ ምን ላድርግ» ብሎ ልክ ባልሆነ ጠባብ ካኔቴራ መወጠርም መፍትሔ አይደለም። ትክክለኛው መንገድ መሐል ላይ ነው፦ ደረት ላይ የሚበቃ፣ ወገብ ላይ የሚያርፍ ልብስ። የዛሬው ምክራችን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይኸው ነው፤ የቀረው ዝርዝር ነው።

መጀመሪያ ከውስጥ እንጀምር

ጡት ማስያዣው ካልተስተካከለ ከላይ የሚለበሰው ምንም ቢሆን አያምርም። እዚህ ላይ አብዛኞቻችን አንድ ዓይነት ስህተት እንሠራለን። ጡት ማስያዣ ሁለት ልኬት አለው፦ ቁጥርና ፊደል። ቁጥሩ የጀርባ ነው፤ ፊደሉ የጡት። ነገር ግን ገበያ ስንወጣ «34 አለ? 36 አለ?» ብለን ቁጥሩን ብቻ ነው የምንጠይቀው። ብዙ ጊዜ ሻጩም ፊደሉን አያውቀውም፤ አንዳንዱ ዕቃ ላይ ጭራሽ አልተጻፈም።

ውጤቱ ምንድን ነው? ጀርባዋ ቀጭን፣ ደረቷ ሙሉ የሆነች ልጅ 36 ስትለብስ ጡቷ አልገባ ይላታል። 38 ትሞክራለች፤ አሁንም ይጠባል። 40 ስትደርስ ጡቷ ይገባል፤ ጀርባው ግን ላላ። ማሰሪያው ከኋላ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጡቷ ከፊት ይወርዳል፤ ክብደቱ በሙሉ ትከሻዋ ላይ በማንጠልጠያው ይንጠለጠላል። ማታ ስታወልቀው ትከሻዋ ላይ ቦይ ተቀዷል። እህታችን፣ ይህ አንቺም ላይ የደረሰ ይመስለኛል።

ጡትን የሚሸከመው በዋናነት ትከሻ ላይ ያለው ማንጠልጠያ ሳይሆን ጀርባን የሚዞረው ማሰሪያ ነው። ስለዚህ ማሰሪያው ጠበቅ ማለት አለበት። የሚጠቅምሽን ምሥጢር ልንገርሽ፦ 40 ቢ፣ 38 ሲ እና 36 ዲ ጡቱ የሚገባበት ስፋት ተመሳሳይ ነው። የሚለያዩት በጀርባቸው ነው። ስለዚህ 40 ቢ ጡትሽን ይዞ ጀርባሽ ላይ ከላላ፣ የምትፈልጊው 36 ዲ ሊሆን ይችላል።

እግረ መንገዳችንን፦ በ1914 እ.ኤ.አ. ሜሪ ፌልፕስ ጃኮብ የተባለች አሜሪካዊት ሁለት መሐረብና ሪባን አጋጥማ ለሠራችው ጡት ማስያዣ በአገሯ የፈጠራ መብት አግኝታለች። ከኤ እስከ ዲ ያሉት ፊደላት የመጡት ግን ከዚያ በኋላ በ1932 እ.ኤ.አ. ነው። እኛ ገና ቁጥሩ ላይ ነን!

አሁን ከልብስ ሰፊ ሜትር ተዋሺና ቤትሽ ግቢ። እህትሽ ታግዝሽ።

1. ከጡትሽ ሥር፣ ትንፋሽሽን አውጥተሽ፣ ሜትሩን ጠበቅ አድርገሽ ዙሪያሽን ለኪ። 76 ሴንቲ ሜትር መጣ እንበል። በአውሮፓ አቆጣጠር ይህ 75 ነው፤ እኛ ገበያ በብዛት በሚገኘው ቁጥር ደግሞ 34። (70 ማለት 32፣ 80 ማለት 36፣ 85 ማለት 38፣ 90 ማለት 40 ነው።)

2. ቀጥሎ ሜትሩን ሳታጠብቂ የጡትሽን ጫፍ ይዘሽ ዙሪያሽን ለኪ። 95 ሴንቲ ሜትር መጣ እንበል።

3. ከሁለተኛው አንደኛውን ቀንሺ። ልዩነቱ 13 ገደማ ከሆነ ኤ፣ 15 ቢ፣ 17 ሲ፣ 19 ዲ፣ 21 ኢ ነው። በምሳሌያችን ልዩነቱ 19 ስለሆነ ልጅቷ 75 ዲ ናት። የአንዱ አገር ፊደል ከሌላው ትንሽ ስለሚለያይ ይህን እንደ መነሻ ያዢው፤ የመጨረሻው ዳኛ ለብሶ ማየት ነው።

ስትለብሺው ደግሞ እነዚህን እዪ። ማሰሪያው ከፊትም ከኋላም እኩል ቀጥ ብሎ ዙሯል ወይ? ሁለት ጣት ብቻ ያስገባል ወይ? መሐል ላይ ያለው ክፍል ደረትሽ ላይ ተኝቷል ወይ? ጡትሽ ከላይ ወይም ከብብት በኩል ፈሶ አራት ጡት አልመሰለም ወይ? አዲስ ስትገዢ መንጠቆው በመጨረሻው፣ በሚያሰፋው ረድፍ ላይ ሲቆለፍ ልክሽ መሆን አለበት። ላስቲኩ እየላላ ሲሄድ ወደ ውስጠኞቹ ረድፎች ታጠብቂዋለሽ።

«እኛ ዘንድ ዲ የሚባል አይመጣም» ትይኝ ይሆናል። እውነትሽን ነው። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ የሚገባው ዕቃ ይበልጥ ይቀንሳል። እንግዲያው ጡትሽን በደንብ የሚይዘውን ሰፊውን ቁጥር ግዢና ልብስ ሰፊ ጋ ውሰጂው። ከኋላ መንጠቆው አጠገብ በግራና በቀኝ እኩል ቆርጦ፣ መንጠቆውን መልሶ ይሰፋልሻል። ብዙ ጊዜ የማይፈጅ ሥራ ነው። ስፖንጅ ያለውን ተይው፤ ደረት ይጨምራል፤ በቆላ ደግሞ ላብ ይጠጣል። ለአንቺ የሚሆንሽ ጥጥነት ያለው፣ ማንጠልጠያው ሰፋ ያለ፣ የጡቱ ክፍል በስፌት የተገጣጠመ ነው።

ከነጭ ልብስ ሥር ነጭ ጡት ማስያዣ የማይታይ ይመስለናል፤ ጎልቶ ይታያል። የማይታየው ከቆዳሽ ቀለም ጋር የሚቀራረበው ነው። ጠይም ከሆንሽ ቡናማ ያዢ።

ለአዘቦት ቀን ምን ይለበስ?

አንገቱ። ጉሮሮ ድረስ የሚዘጋ ልብስ ደረትን አንድ ወጥ ግድግዳ ያስመስለዋል። መጠነኛ የሆነ፣ እንደ ቪ ፊደል የሾለ አንገት ያለው ልብስ ግን አንገትን አርዝሞ ደረትን ይከፍለዋል። ብዙ መገለጥ የለበትም፤ ከአንገት አጥንትሽ ሥር አራት ጣት ከወረደ ይበቃል።

እጅጌው። አጭር እጅጌ ልክ በጡትሽ ትይዩ ላይ ካለቀ ዓይንን በዚያው መስመር ይጎትታል፤ ያሰፋሻል። እስከ ክርን ወይም ከክርን ትንሽ ዝቅ ያለ ይሻላል።

ጨርቁ። እጅግ ስስና የሚለጠጥ ጨርቅ ሁሉን ያሳያል፤ እንደ ካርቶን ደርቆ የሚቆም ጨርቅ ደግሞ ድንኳን ይሆናል። ለስለስ ብሎ የሚወርድ ጥጥ ይሻላል፤ ለሙቀቱም እሱ ነው።

ቀለሙና ጌጡ። ከላይ ደፈን ያለ ባለ አንድ ቀለም፣ ከታች አበባ ያለው ጉርድ ቀሚስ ወይም ደመቅ ያለ ሱሪ። ዓይን ወደ ደመቀው ይሄዳልና። የደረት ኪስ፣ ሽንሽንና ደረት ላይ የተጻፈ ትልቅ ጽሑፍ ይቅርብሽ።

ቦርሳው። ማንገቻውን በደረት ላይ አሻግረሽ በጡቶችሽ መሐል አታሳልፊው። በአንድ ትከሻ ያዢው።

ጃኬቱ። በአንድ ጊዜ መተው ካስፈራሽ በስስ የጥጥ ሸሚዝ ተኪው። ከውስጥ ደፈን ያለ ካኔቴራ ልበሺና ሸሚዙን ሳትቆልፊ ደርቢው። በግራና በቀኝ ቁልቁል የሚወርዱት ሁለት መስመሮች ያቀጥኑሻል፤ ነፋስም ያስገባሉ። ርዝመቱ ዳሌሽ ላይ ይለቅ። ሱቅ ውስጥ ለምትሠራ ልጅ ይህ ከጃኬቱ በጣም ይሻላል።

ሂጃብ ለምታደርጉ እህቶቻችንም ሕጉ ያው ነው። ሰፊ አባያ ከደረት ሲወርድ ድንኳን እንዳይሆን ከወገብ በላይ ገባ ብሎ የተሰፋ ምረጡ። ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ናይለን ከሆነ ከሥሩ ስስ የጥጥ ልብስ ልበሱበት። ሂጃቡ ደረት ላይ ለቀቅ ብሎ ሲወርድ ያምራል፤ ደራርባችሁ ስታከማቹት ግን ይጨምራል።

ከልብስ ሰፊው ጋር መነጋገር

ተዘጋጅቶ የሚመጣ ልብስ ብዙውን ጊዜ የሚቆረጠው ቢ ለሆነች ሴት ነው። ስለዚህ ሸሚዝ በትከሻሽ ልክ ስትገዢ ደረት ላይ በቁልፎቹ መሐል ይከፈታል። የተሳሳተው ሸሚዙ እንጂ አንቺ አይደለሽም!

መፍትሔው፦ ሁልጊዜ በደረትሽ ልክ ግዢ። ትከሻና ወገቡ ቢሰፋሽ አትጨነቂ፤ ያንን ልብስ ሰፊ ያጠበዋል። ሰፊ ልብስ ማጥበብ ይቻላል፤ ከጠበበ ግን ጨርቅ ከየት ይመጣል? በዚህ በኩል ሳልቫጅ ተራ ወርቅ ነው። ልኩ ሰፋ ያለ ጥሩ የጥጥ ሸሚዝ መርጠሽ ብታስተካክይው፣ ቡቲክ ውስጥ ከተሰቀለው የበለጠ ልክሽ ይሆናል።

ለልብስ ሰፊው እንዲህ በይው፦ «ጋሼ፣ ደረቱን አይንኩት፤ ከጡት ሥር እስከ ወገብ በፊትም በኋላም ገባ ያድርጉልኝ። ከብብት በኩልም ወደ ጡቱ ጫፍ የሚሄድ ትንሽ እጥፋት ይስፉልኝ።» ያቺ እጥፋት ናት ጠፍጣፋውን ጨርቅ ለጡት ቦታ እንዲኖረው የምታደርገው። ጫፏ ግን የጡትሽ ጫፍ ላይ መድረስ የለባትም፤ ሁለት ጣት ሲቀር ታቁም። አለዚያ ሹል ትሆናለች። በደረትሽ ትይዩ ባሉት ሁለት ቁልፎች መሐል ደግሞ ከውስጥ የማትታይ አንዲት ትንሽ ቁልፍ ያስገባልሽ። ከዚያ በኋላ እጅሽን ስትዘረጊ ሸሚዙ አፉን አይከፍትም።

ወንድ ልብስ ሰፊ ደረቴን ሲለካኝ አፍራለሁ የምትሉ ብዙ ናችሁ። አትለኩ! እቤት በእህታችሁ ወይም በእናታችሁ ተለክታችሁ ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት፦ የደረት፣ ከጡት ሥር፣ የወገብ፣ የዳሌ፣ ከትከሻ እስከ ጡት ጫፍ። ስትለኩ ልክ የሆነውን ጡት ማስያዣ ልበሱ፤ አለዚያ ልኬቱ ይሳሳታል። ወይም ልክ የሆነላችሁን አንድ ልብስ ውሰዱና «በዚህ ቁረጥ» በሉት።

ለሶለል

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የሐበሻ ቀሚስ ለደረተ ሙሉ ሴት የተመቸ ልብስ ነው። ከአንገት ተነስቶ እስከ ቀሚሱ ጫፍ ቁልቁል የሚወርደው ጥልፍ ያረዝማል፤ መቀነቱ ወገብን ያሳያል። የሚበላሸው እኛ ስናበላሸው ነው። ጥልፉን ደረት ላይ ወደ ጎን ስናሰፋው፣ ወይም ሰፊ ጥለት ደረት ላይ አሻግረን ስናሰፋ ደረት በእጥፍ ይጨምራል።

ስለዚህ ጥልፉ ጠበብ ያለና ረዥም ይሁን። ሰፊው ጥለት ከታች፣ ቀሚሱ ጫፍ ላይ ይሁን። ሸማ አይለጠጥም፤ ስለዚህ ከላይ የነገርኩሽን እጥፋት ሰፊው እንዳይረሳት። ካለሽ አሮጌ ቀሚስ መሥራትም ይቻላል፦ ጎንና ጎኑን ፈትቶ ከብብት በታች ከዚያው ጨርቅ ቁራጭ ቢጨምርበት ደረቱ ይለቅቃል። መቀነቱን ትክክለኛው ወገብሽ ላይ እሰሪው፤ ጡትሽ ላይ ከወጣ ያንቅሻል፣ ዳሌሽ ላይ ከወረደ ድንኳኑ ተመልሶ መጣ።

ለጭፈራው ደግሞ አንድ ነገር ልጨምርልሽ። በ1977 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሩጫ የሚወዱ ሴቶች ልክ እንዳንቺ ጡታቸው እየዘለለ ቢያስቸግራቸው፣ ወንድ ስፖርተኞች የሚታጠቁትን መደገፊያ ሁለቱን ገጣጥመው ሰፍተው የመጀመሪያውን የስፖርት ጡት ማስያዣ ሠሩ። ዛሬ በየከተማው ይሸጣል፤ ሳልቫጅ መሐልም አይጠፋም። ሰፊ ማሰሪያ ያለውንና ሲጎትቱት ቶሎ የማይላላውን ምረጪ። ካላገኘሽ ልክሽ የሆነውን ጡት ማስያዣ ልበሺና ከላዩ ጠበቅ ያለ አጭር የጥጥ ካኔቴራ ደርቢበት። ከዚያ መስታወት ፊት ቁሚና ዝለዪ። እስክስታ ውረጂ። ቤት ውስጥ ካልተንቀጠቀጠ ሜዳ ላይም አይንቀጠቀጥም። ይህን ሙከራ ነሐሴ 15 ማታ አታድርጊው፤ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብለሽ ጀምሪ፤ በዓል ሲደርስ ልብስ ሰፊ አይገኝም።

ሙቀቱና ቆዳሽ

ቆላ ለሚኖሩ ደረተ ሙሉ ሴቶች ሌላም ችግር አለ። ከጡት ሥር ላብ ይጠራቀማል፤ ቆዳው ይቀላል፣ ያሳክካል፣ አንዳንዴ ይላጣል፣ ይሸታል። ሴቶች አፍረው አይናገሩትም። ማታ በውኃ ታጠቢና በደንብ አድርቂው፤ ሳይደርቅ አትልበሺ። ቀን ላይ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አጥፈሽ ከሥሩ ማድረግ ላቡን ይይዝልሻል። ካልተሻለሽ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ብዙ ጊዜ ፈንገስ ስለሚሆን መድኃኒት አለው።

ጡት ማስያዣ ቢያንስ ሁለት ይኑርሽ፤ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይለበሳል። በእጅሽ እጠቢው፤ በረኪና አታስነኪው፤ ላስቲኩን ይበላዋል። የቆቦ ፀሐይም ላስቲክ ትጨርሳለችና ጥላ ውስጥ ስጪው። ሰው እንዳያየው ብለን በእርጥቡ ከአልጋ ሥር ወይም ከሌላ ልብስ ሥር የምንደብቀው ነገርም ይቅር፤ እርጥብ ልብስ ነው ቆዳውን የሚያባብሰው።

ጡት ውስጥ እብጠት፣ ከጫፉ የሚወጣ ደም ወይም በአንዱ ብቻ ድንገት የመጣ ለውጥ ካየሽ ግን የልብስ ጉዳይ አይደለምና ሳትውይ ሳታድሪ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ክብደቱ ጀርባና አንገት ላይ የማያቋርጥ ሕመም ካስከተለም ለሐኪም መንገር ነውር አይደለም።

ለእናቶችና ለወንዶች

እናቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ደረቷ ቀድሞ ቢሞላ አጥፍታ አይደለም። «ምነው ይሄ ነገር» ብሎ በእንግዳ ፊት መናገር፣ ወይም ከጸባይዋ ጋር ማገናኘት ልጅን ለዘላለም ያጎብጣል። ይዛችኋት ውጡና የመጀመሪያውን ልኳን የጠበቀ ጡት ማስያዣ ግዙላት። ልጅቷ ዕድሜዋን ሙሉ የማትረሳው ስጦታ ይሆናል።

ወንዶች ሆይ፣ ጠብቁ ያልናችሁ እዚህ ጋ ነው። የቆቦዋ እህታችን ስድስት ሶለል ያመለጣት በደረቷ ምክንያት አይደለም፤ በአንድ ወንድ አፍ ምክንያት ነው። ያ ልጅ የተናገረውን ዛሬ ላያስታውሰው ይችላል። እሷ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጃኬት ተሸክማ ትዞራለች። ለከፋ ቀልድ አይደለም። ጓደኛችሁ ሲለክፍ አብራችሁ አትሳቁ፤ «ተው!» በሉት። ይህን ሁሉ ስፌት ብንሰፋ እናንተ አፋችሁን ካልሰፋችሁ ዋጋ የለውም።

እህታችን ሆይ፣ ወዳንቺ ልመለስና ልጨርስ። ዛሬውኑ ሁሉን አድርጊ አልልሽም። በዚህ ሳምንት ሜትር ተዋሺና ራስሽንም ታናሽሽንም ለኪ። በሚቀጥለው ጡት ማስያዣውን አስተካክዪ። ቀጥሎ አንድ ሸሚዝ፣ ከዚያ ቀሚሱ። ጃኬቱን ለወንድምሽ መልሺለት፤ እሱም ሲፈልገው ይሆናል። ነሐሴ 16 ደግሞ የታናሽሽን እጅ ይዘሽ ውጪ። እሷ ከአንቺ የምትማረው እንዴት እንደሚደበቁ ሳይሆን እንዴት ለብሰው እንደሚወጡ ይሁን። ከበሮውንም ከጓደኛሽ ተቀበያት።

እንዴት እንዳለፈ ጻፊልን፤ እንጠብቃለን። ሌሎቻችሁም የሞከራችሁትና የሠራላችሁ ዘዴ ካለ ላኩልን፤ ስማችሁን አናወጣም። እስከ ሳምንቱ ቸር ያሰንብተን!